ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልኝ በሉ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ከወትሮው ይለያሉ። ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ጎረቤት አጥር የሚጠይቁኝ ጋብ ብለው ስለ ከተማ ምክር ቤት የሚጠይቁኝ በዝተዋል። ወቅቱ ነው። ሐምሌ ሲገባ አዲሱ በጀት ይጸድቃል፤ ክረምቱ ደግሞ የተደፈነውን ቦይና የፈረሰውን መንገድ ሁሉ ያጋልጣል። ሰው እግሩ ጭቃ ሲገባ ማዘጋጃ ቤት ትዝ ይለዋል። እኔም ጡረታ እስክወጣ ጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች መጀመሪያ በታይፒስትነት፣ ኋላም በቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ስለኖርኩ ጥያቄው ከቤቴ አልራቀም። ሰው ስብሰባ ላይ ተናግሮ የሚረሳውን እኔ ካርቦን እያስገባሁ በሦስት ቅጂ አስቀር ነበር። እንግዲህ አንድ በአንድ።

*«እትዬ፣ ማክሰኚት ተወልጄ ያደግሁ ወጣት ነኝ። ማዘጋጃ ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ለአባቴ ቤት ካርታ ተመላልሼበታለሁ። ምክር ቤት የሚባለውን ግን በስም እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ሁለቱ አንድ ናቸው? ምክር ቤቱስ ምን ይሠራል?»*

አንድ አይደሉም ልጄ። ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ስለሚቀመጡ ሰው ቢያምታታቸው ግን አይፈረድበትም። ማዘጋጃ ቤቱ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። ካርታ ይሰጣል፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ይሰበስባል፣ ቆሻሻ ያስነሳል፣ ቄራና ገበያ ያስተዳድራል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱንና ቦዩን ያስጠግናል። ምክር ቤቱ ደግሞ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች የሚሰበሰቡበት ነው። እቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ ሪፖርት ሰምቶ ኃላፊውን ይጠይቃል። እንደ ጎንደር ባለ ከተማ አስተዳደር ከንቲባውን የሚመርጠውም ምክር ቤቱ ነው። ስብሰባውን አፈ ጉባኤው ይመራል፤ በስብሰባና በስብሰባ መካከል ቋሚ ኮሚቴዎች መሥሪያ ቤቶቹን እየዞሩ ያያሉ፤ ማየት አለባቸው ልበልህ እንጂ።

በክልላችን ያሉ ከተሞች ሁሉ በአንድ ደረጃ ላይ አለመሆናቸውን ግን ልብ በል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የወጣው የክልሉ የከተሞች አዋጅ ቁጥር 91 ከተሞችን በደረጃ ከፍሏቸዋል። ራሷን የቻለች ከተማ አስተዳደር አለች፤ በማዘጋጃ ቤት የምትመራ አለች፤ ታዳጊ የምትባልም አለች። ትንሿ ከተማ በወረዳው ሥር ስትሆን ነገሯ የሚቆረጠው ወረዳው ምክር ቤት ዘንድ ነው። ሰው ይህን ሳያውቅ የማይመለከተው በር ላይ ዓመት ይቆማል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ከተማችን በየትኛው ደረጃ ናት? በጀቷንስ የሚያጸድቅላት ማነው?» ብለህ ነው። መልሱን የማያውቅ ሠራተኛ ካጋጠመህ አትደነቅ፤ ወደ ፋይናንስ ክፍሉ እለፍ። እነሱ ያውቁታል፤ ደመወዛቸው የሚመጣው ከዚያው ነውና።

አሁን ስብሰባው ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አባላቱ ጠዋት ይመጣሉ፤ የግማሾቹ ጫማ ላይ ጭቃ አለ። በር ላይ ስም ይመዘገባል። የበጀት ሰነዱ ቀደም ብሎ ሊታደል ሲገባው ብዙ ጊዜ እዚያው በር ላይ ነው የሚሰጣቸው፤ ቀለሙ ገና እጅ ያቆሽሻል። የፋይናንስ ኃላፊው ከገጽ ገጽ እያለፈ ያነባል። ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ይህን ያህል፣ ካፒታል ይህን ያህል። አንድ ሽማግሌ ይነሳና «የዓምናው ድልድይ ገንዘብ የት ደረሰ?» ይላል። ኃላፊው «በሂደት ላይ ነው» ይላል። አፈ ጉባኤው ሰዓቱን ያያል። ከዚያ እጅ ይወጣል። በእኔ ማስታወሻ ላይ «ምክር ቤቱ በቀረበው ረቂቅ በጀት ላይ በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ተብሎ ይጻፋል። አንዲት ከተማ ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ከስብሰባው በፊት ተረቅቃ እጄ የገባችበት ቀን ሁሉ አለ።

ያ ሽማግሌ ግን ሞኝ አልነበረም። ከተናገረ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ጸሐፊዋ፣ የድልድዩ ጥያቄዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልኝ» አለ። ገባለት። ሩብ ዓመት ቆይቶ በሚቀጥለው ጉባኤ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲነበብ ድልድዩ ስሙ ተጠራ፤ ኃላፊው ተነስቶ መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። «በሂደት ላይ ነው»ን ሁለት ጊዜ ማለት ያሳፍራል። በትንሽ ከተማ ምክር ቤት ውስጥ ያየሁት ትልቁ ጉልበት ይኸው ነው። ያልተጻፈ ነገር አልተባለም። የተጻፈ ነገር ግን እየተነበበ ይመጣል።

*«ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነዋሪ ነኝ። አባቴ “ከንቲባ መጀመሪያ የነበረው እኛው ዘንድ ነው” ይላሉ። ጎረቤታችን ደግሞ ማዘጋጃ ቤትን ጣሊያን ነው ያመጣው ይላል። ማን ልክ ነው? ምክር ቤትስ ከመቼ ጀምሮ አለን?»*

አባትሽ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ ጎረቤታችሁም ሕንፃዎቹን አይቶ ነው።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጓት በኋላ ከተማዋ ከንቲባ የሚባል ሹም ነበራት። አዲስ አበባ ገና ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ይቀራት ነበር። ከንቲባው ግን የንጉሥ ሹም ነው፤ ሰው ሰብስቦ «ምን ትላላችሁ?» ብሎ በድምፅ የሚቆጥር አይደለም። ነጋዴውና ቀረጡ በነጋድራሱ እጅ ነበሩ። ከተማዋም በሰፈር በሰፈር የየራሷ ጌታ ነበራት። እጨጌ ቤት በእጨጌው ሥር ሆኖ የሸሸ ሰው የሚጠለልበት መማጸኛ ነበር፤ አቡን ቤትም እንዲሁ የጳጳሱ ነው። የእናንተ ሰፈር ታሪክም ከዚያው ዘመን ይመዘዛል። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ የተጠራ ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወስኗል። እንግዲህ ጎንደር «ጉባኤ» የሚባል ነገር አጥታ አታውቅም፤ የተሰበሰቡት ግን መኳንንትና ካህናት ናቸው፤ የተወሰነበት ሰው እዚያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለከተማዋ ክፉ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 አቃጠሏት፤ በ1880 ደግሞ ደርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች፣ ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። ከተማ ሲቃጠል ሹመቱ ብቻ ይቀራል፤ የሚያስተዳድረው የለውም።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ ፒያሳን ሠራ፤ ፖስታ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ ሰፋፊ መንገዶቹን። ጎረቤታችሁ የሚያየው ያንን ነው። ግን ጣሊያን የጎንደርን ሰው ምን ምክር ጠይቆት ያውቃል? ከኅዳር 18 ቀን 1934 በኋላ፣ ጎንደር ነፃ ስትወጣ፣ ሕንፃው ቀረልን፤ አስተዳደሩን መንግሥት እንደ አዲስ አዋቀረው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ቁጥር 1 ከንቲባ እንዲኖራቸው በስም የለያቸው ከተሞች ሁለት ናቸው፤ አዲስ አበባና ጎንደር። ሌሎቹ በከተማ ሹም ይመሩ ተባለ። አባትሽ የሚኮሩበት ይህ ከሆነ እሰየው፤ ይኩሩ።

ምክር ቤት ሕግ ሆኖ የመጣልን ደግሞ በ1937 ነው፤ አዋጅ ቁጥር 74። ማዘጋጃ ቤቶችን የደነገገው እሱ ነው። በጉባኤው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮችና ከነዋሪው የሚመረጡ ሰዎች አንድ ላይ እንዲቀመጡ አደረገ። «ነዋሪ» ማለት ግን ማነው? ቤትና ቦታ ያለው። ተከራዩ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሸማኔው፣ እንጨት ተሸካሚዋ ግብሩን በእጅ አዙር ይከፍላሉ እንጂ ወንበር የላቸውም። እንዲያም ሆኖ ጅምር ነበር። በ1958 ደግሞ አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚል ትእዛዝ ከዙፋን ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ሳያጸድቀው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ባለርስቶች የተሞላ ፓርላማ ገንዘብ ወደ ታች ሲወርድ ደስ አይለውም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

*«እህቴ፣ አዘዞ የምኖር ጡረተኛ ወታደር ነኝ። በእኛ ጊዜ ቀበሌ ማለት ሁሉም ነገር ነበር። ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ፍርዱም፣ ቤቱም ከቀበሌ ነው። ዛሬ ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ ከማሳደስ ሌላ ምን ቀረኝ? ያኛው አይሻልም ነበር?»*

ወንድሜ፣ ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ሙሉውን ግን አብረን እናስታውሰው።

ሐምሌ 1967 ላይ አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ በላይ የለም ተባለ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ገባ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች። ለተከራዩ ድንገት ኪራዩ ቀነሰለት። አንዲት ክፍል ተከራይታ ስድስት ልጅ የምታሳድግ ሴት በቀበሌ ስብሰባ ተነስታ ስትናገር ያየሁት ያኔ ነው፤ በ1937ቱ ሕግ ወንበር ያልነበራት ሴት ማለቴ ነው። በ1969 በአዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌዎቹ ተጠናክረው «ከፍተኛ» የሚባለው እርከን ከላያቸው ተሠራ፤ ፍርድ ሸንጎው፣ የኅብረት ሱቁ፣ ከ1971 ጀምሮም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሁሉ በቀበሌ በኩል ሆነ። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ቀበሌ ነው። ይህንን ማንም አይነጥቀኝም።

ግን ያው ቀበሌ እስር ቤትም ነበረው። ያው የቀበሌ ሊቀ መንበር የኅብረት ሱቅ ካርድ ይሰጣል፣ ያስራል፣ ወጣት ለዘመቻ ይመለምላል። እርስዎ ወታደር ነዎት፤ ከአንድ ሰው እጅ ይህ ሁሉ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ጎንደር ከተማ ውስጥ በዚያ ዘመን ልጁን ያላጣ ሰፈር ይፈልጉልኝና አሳዩኝ። ቀበሌው ጉልበት ነበረው፤ ጉልበቱን የሚጠይቅ ግን አልነበረውም። በስብሰባው ላይ የሚነሳ እጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ ያልተነሳው እጅ ይመዘገባል።

ስለ ዛሬው ካነሱ ደግሞ፣ ከ1984 በኋላ ሥልጣኑ ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ሄደ። በአዋጅ ቁጥር 7/1984 የተተከለው ወረዳ ዋናው ሆነ፤ ከተማና ማዘጋጃ ቤት ለረጅም ዓመት ተረስተው ቆዩ፤ ከላይ የጠቀስኩት የከተሞች አዋጅ እስኪወጣ ድረስ። ቀበሌ ዛሬ መታወቂያ፣ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ፣ ትንንሽ ድጋፎችና ጥቆማዎች ይቀሩታል። የክብር መዝገብ ምዝገባው በ2008 ማብቂያ ላይ ወደ ሥራ ሲገባ እዚያ የሚሠሩት ልጆች ሲጨነቁ አይቻለሁ፤ መዝገቡ ትልቅ፣ ቅጹ ብዙ፣ ጠረጴዛው አንድ። ይሻላል ወይስ አይሻልም ለሚለው፣ እኔ ስኳር የሚሰጠኝን ሳይሆን የማልፈራውን ቀበሌ እመርጣለሁ። ስኳሩን ከገበያ እገዛለሁ፤ ዋጋው ቢያቃጥልም።

*«ከኮላ ድባ ነው የምጽፍልዎት። ከቤቴ በላይ ያለው ቦይ ተደፍኖ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ጓዳዬ ይገባል። ማዘጋጃ ቤት ስሄድ “በጀት የለም” ይሉኛል። ቃል የሚገባልኝ ብዙ ነው፤ የሚሠራ የለም። ምን ላድርግ? እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ይህንንም የጻፈችልኝ ልጄ ናት።»*

እሜቴ፣ ለልጅዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ፤ ጽሕፈቷ ግልጽ ነው። ደብዳቤውን እንደገና ትጽፍልዎታለች፤ እንዲህ አድርጋ።

«በጀት የለም» የሚለው መልስ ሐምሌና ነሐሴ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የዓመቱ ገንዘብ ተከፋፍሎ አልቋላ። የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ መንግሥታዊ የሚባለው ነው፤ እንደ ትምህርትና ጤና ያለው፤ ለዚያ ከላይ ድጎማ ይመጣል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ የሚባለው ነው፤ ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቆሻሻ፣ መብራት ያለበት። ለዚህኛው ከተማዋ በዋናነት የራሷን ገቢ ትጠቀማለች። የቦታ ኪራይ፣ ሰው ጣሪያና ግድግዳ የሚለው የቤት ግብር፣ የገበያና የቄራ ክፍያ፣ የሊዝ ገንዘብ። የቤት ግብሩ ሕግ ለረጅም ዓመት የ1968ቱ ነበር፤ ኮላ ድባን የመሰለች ከተማ ከዚህ የምታገኘው ብዙ እንደማይሆን ይገምቱ። እንግዲህ እርስዎ ባለችው ጥቂት ሳንቲም ላይ ቀድመው ስምዎን ማስያዝ አለብዎት። በጀቱ ከሐምሌ 1 ይጀምራል። የሚረቀቀው ግን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ሰው እርሻና ሠርግ ሲል ነገሩ ያልቃል። የዘንድሮው ቢያልፍዎትም ደብዳቤው ዛሬ ይግባ፤ ለመጪው ዓመት ረቂቅ ቀድሞ ይቆያልዎታል። የዘንድሮው ጎርፍ ደግሞ ማስረጃ ነው፤ ልጅዎ ውሃው ጓዳ ውስጥ እያለ በስልኳ ፎቶ ታንሳው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። «ከእገሌ ቤት እስከ እገሌ ቤት ያለው ቦይ ተደፍኗል፤ ይህን ያህል ቤት ውሃ ይገባዋል፤ በመጪው በጀት ዓመት እንዲካተትልን እንጠይቃለን።» ስለ ባለሥልጣኑ ስንፍና አንድ ቃል አይጻፍበት፤ ቢገባውም። ከዚያ ጎረቤቶችዎ ይፈርሙ፤ መጻፍ የማይችል በጣቱ ያትም። እድርዎ ካለ የእድሩ ማህተም ይታከልበት፤ የእድር ማህተም ያለበትን ደብዳቤ ሹም በቀላሉ አያጥፈውም፤ ነገ የእሱንም ቤተሰብ የሚቀብረው እድር ነውና። አንድ ቅጂ ለማዘጋጃ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ቅጂ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይሁን። መዝገብ ቤት ያስገቡና በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር ያስጽፉ። ቁጥር ሳይጻፍልዎ ከመስኮቱ አይነሱ። «ነገ ነይ» ቢሉዎት እዚያው ቁጭ ይበሉ፤ መዝገብ ቤት ወንበር ባይኖረው ደረጃ አለው።

ቀጥሎ የሰፈርዎን ተመራጭ ያግኙት። ማን እንደሆነ የማያውቁ ከሆነ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይነግሩዎታል። እሱን «አሠራልን» አይበሉት፤ የመሥራት ገንዘብ እጁ ላይ የለም። «በጉባኤው ተነስተህ ይህን ቁጥር ያለውን ደብዳቤ ጥቀስልን፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባልን» ይበሉት። ይህን የሚያህል ነገር ለማለት ድፍረት አያስፈልገውም፤ እሺ ይላል። እሺ ካለ በኋላ ደግሞ ገበያ ላይ ባገኙት ቁጥር ይጠይቁት። ቅዳሜ ገበያ ላይ የሚጠየቅ ተመራጭ ሌላ ሰው ነው።

*«ዳባት መምህር ነኝ። የከተማ ምክር ቤት አባላትን የመረጥኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ምርጫው መቼ ነው? ተመራጬ ካልሠራልኝስ ልሽረው እችላለሁ?»*

የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በ2000። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ እስካሁንም አልተካሄደም። የ2013ቱ ምርጫ በክልላችን ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት እንጂ ለወረዳ፣ ለከተማና ለቀበሌ አልነበረም። ስለዚህ ቀድሞ የተመረጠው ሰው፣ ወይም በእሱ ቦታ የተተካው፣ ዘመኑ እየተራዘመ ተቀምጧል። አንዳንዱ ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ አንዳንዱ አርፏል፤ አንዳንዱ ሌላ ሹመት ይዟል። ስም ሲጠራ «አልተገኘም» እየተባለ የሚያልፍ መቀመጫ ብዙ ነው። ክልሉ ካለበት ሁኔታ ጋር ነገሩ እንዴት እንደሚከብድ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

መሻሩን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ተጽፏል። በሥራ ዘመኔ ግን ሕዝብ ከታች ተነስቶ አንድ ተመራጭ ሲያወርድ አላየሁም። ከላይ «በግምገማ» ሲወርዱ ግን አይቻለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። የምርጫው ጉዳይ እንዲህ እንደሆነ ቢቆይም እርስዎ ተማሪዎችዎን ይዘው የምክር ቤት ጉባኤ መታደም ይችላሉ። ጉባኤው በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለአፈ ጉባኤው ቀድመው ያሳውቁ። ሃያ ተማሪ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማስታወሻ ሲይዝ ያየ ኃላፊ «በሂደት ላይ ነው» ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል።

*«ጎንደር ማራኪ ነዋሪ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው። ምክር ቤቱ ለምን ዝም ይላል?»*

እኔም እኮ ቤቴ በርሜል የሞላበት ሰው ነኝ። ውሃውን የሚያስተዳድረው ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው፤ ቦርድ አለው። አንገረብ ግድብ ሲሠራ የነበረው ሕዝብና የዛሬው አይገናኝም፤ ደለሉም ቦታ ወስዶበታል። መገጭ ግድብ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክት ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ቢጮህ የሚሰማው ሌላ ቦታ ነው። ምክር ቤቱ በእጁ ያለው ግን ፈረቃው ነው። የትኛው ሰፈር በየስንት ቀኑ እንደሚያገኝ ተጽፎ እንዲለጠፍ ማስገደድ ይችላል። አንድ ሰፈር በሳምንት፣ ሌላው በወር ሲያገኝ፣ ያኛው ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚኖር መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠይቁ።

*«የምክር ቤት አባል ደመወዝ ስንት ነው? ልወዳደር አስቤ ነው።»*

ለደመወዝ ከሆነ ተው። አብዛኛው የአካባቢ ምክር ቤት አባል የራሱን ሥራ እየሠራ፣ ጉባኤ ሲጠራ የሚመጣ ነው። የሚያገኘው የውሎ አበልና ሻይ ቤት የሚጠብቀውን መራጭ ነው። ሙሉ ጊዜ የሚሠሩት አፈ ጉባኤውና የተወሰኑ ኃላፊዎች ናቸው። ለነገር ፍቅር ካለህ ግን ግባበት፤ የበጀት ሰነድ አንብቦ የሚገባው ሰው ምክር ቤቶች ውስጥ እንደ ወርቅ ይፈለጋል።

*«ምክር ቤቱ የቤት መሥሪያ ቦታ ሊሰጠኝ ይችላል? አንድ ደላላ ከአባላቱ ጋር አገናኝሃለሁ ብሎኛል።»*

አይችልም። የከተማ ቦታ የሚተላለፈው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። አንድ አባል ቢምልልህም ቦታ በኪሱ የለውም። ደላላውን ገንዘብ ሳትሰጠው ሸኘው። ሰጥተኸው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ፖሊስ ጋ ሂድ፤ ለሚቀጥለው ወር ደብዳቤ አታቆየው።

*«የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ እኔ ተራ ሰው ማየት ይፈቀድልኛል? ስጠይቅ ምስጢር ነው አሉኝ።»*

የከተማ ቦይና መብራት ምን ምስጢር አለው? የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ በሕግ ተለይተው ከተከለከሉት በቀር። ለምን እንደፈለግህ የማስረዳት ግዴታ የለብህም። ጥያቄህን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ አድርግ። የትኛው ጉባኤ፣ በየትኛው ቀን፣ ስለ የትኛው አጀንዳ እንደሆነ ለይተህ ጻፍ። «ሁሉንም» ካልክ «ብዙ ነው» ይሉሃል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥህ ይገባል፤ ከከለከለህም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ዝም ካለህ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ቅጂ ለማውጣት የፎቶ ኮፒ ዋጋ ሊያስከፍሉህ ይችላሉ። ክፈልና ደረሰኙን ያዝ።